አሜሪካ ውስጥ ቤት ለመግዛት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከዝግጅት እስከ ቁልፍ መረከብ

"ኮንትራት ከፈረማችሁ በ30 ቀን ቤታችሁ ትገባላችሁ" ሲባል ሰምታችኋል። ውሸት አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ቆጠራውን የሚጀምረው ከዚያ መሆኑ ነው። የኪራይ ውል ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ለኤጀንት ይደወላል፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ይታያል፣ አንዱ ይወደዳል። ከዚያ አበዳሪው "ይህ 18 ሺህ ዶላር ከየት መጣ?" ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ረጅሙ ሥራ ያለው ቤት ከመታየቱ በፊት ነው። ያንን ጊዜ በአግባቡ የተጠቀመ ሰው 30 ቀን ይበቃዋል። ያልተጠቀመው 60 ቀንም አይበቃው፤ ቀብዱንም ሊያጣ ይችላል።

ይህ መመሪያ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በብድር ቤት ለሚገዙ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል። የስቴት ሕግ የሚለያይበትን ቦታ ለይቼ እጠቅሳለሁ።

ጠቅላላው ጊዜ

- ዝግጅት፦ ወረቀቱና ገንዘቡ ለተስተካከለለት ደመወዝተኛ 2 ወር ገደማ። ክሬዲት ለሚያስተካክል ከ3 እስከ 6 ወር። በቅርቡ የራሱን ሥራ ለጀመረ እስከ 2 ዓመት።
- ከአበዳሪ የቅድሚያ ማረጋገጫ ወይም ፕሪአፕሩቫል፦ ወረቀቱ ከተሟላ ከ1 እስከ 3 ቀን።
- ቤት ፍለጋ፦ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር። ፉክክር ባለበት ሰፈር ከዚህም ይረዝማል።
- ኦፈር (የግዢ ጥያቄ) አቅርቦ መስማማት፦ ጥቂት ቀናት።
- ከኮንትራት እስከ ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ)፦ ከ30 እስከ 45 ቀን።

ስለዚህ የኪራይ ውላችሁ ከሚያልቅበት ቀን ወደ ኋላ ቢያንስ 6 ወር ቆጥራችሁ ጀምሩ። የራሳችሁን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ልገዛ ነው ብላችሁ ዛሬ ተነሱ።

## ደረጃ 1፦ ገንዘቡን ባንክ አስገቡ፣ ሁለት ወር አሳድሩት

አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንታችሁን ገጽ በገጽ ያያል። ከደመወዝ የመጣ ገንዘብ ጥያቄ አያስነሳም። ከደመወዝ ውጭ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ግን ምንጩ በወረቀት ይጠየቃል። ምንጩ ካልታወቀ ገንዘቡ እንደሌለ ይቆጠራል።

የኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምናጠራቅመው በእቁብ ነው። እቁብ ጥሩ ቁጠባ ነው። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ዕጣ ደረሰኝ የለውም። አበዳሪውም የዳኛውን ቃል እንደ ማስረጃ አይቀበልም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ለቤት የምትፈልጉትን ዕጣ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ለብድር ከማመልከታችሁ ቢያንስ ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ አካውንታችሁ ውስጥ ይግባ።
2. ከተቻለ እቁቡ በባንክ ዝውውር ወይም በቼክ ይከፈል። ወርሃዊ መዋጯችሁም ከአካውንታችሁ ሲወጣ ይታይ።
3. ገንዘቡን ከአካውንት አካውንት አታዟዙሩ። እያንዳንዱ ዝውውር አዲስ ጥያቄና አዲስ ወረቀት ይወልዳል።
4. አበዳሪው ስለ ገንዘቡ ከጠየቀ እውነቱን ተናገሩ።

ማስጠንቀቂያ። በአንድ ቀን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ በራሱ ምንም አያመጣባችሁም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ 9 ሺህ፣ 9 ሺህ እያደረጋችሁ ከፋፍላችሁ ካስገባችሁ ግን ገንዘቡ በላባችሁ የተገኘ ቢሆንም የፌዴራል ወንጀል ነው። "ትንሽ ትንሽ እያደረግህ አስገባ" የሚል ምክር ከማንም አትቀበሉ።

ቤተሰብ ከሰጣችሁ። ሰጪው ገንዘቡ ስጦታ እንደሆነና እንደማይመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈርማል። ከሰጪው አካውንት የወጣበትና ወደ እናንተ የገባበት ማስረጃም ይያያዛል። ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር የሚላክ ከሆነ በባንክ ይላክ፣ ወረቀቱም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይዘጋጅ። ብድርን ስጦታ ነው ብሎ መፈረም አበዳሪን ማታለል ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል። ወዳጃችሁንም ሐሰት አታስፈርሙት።

## ደረጃ 2፦ ክሬዲታችሁን ራሳችሁ ቀድማችሁ እዩ

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የኤክስፔሪያንን፣ የኢኩፋክስንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በነጻ አውርዱ። ሦስቱንም አንብቡ። የማታውቁት ዕዳ፣ የተከፈለ ግን ያልተዘጋ ሒሳብ፣ የሌላ ሰው አድራሻ ካለ ምልክት አድርጉ።

ስህተት ካገኛችሁ በጽሑፍ ተቃውሞ አስገቡ። ምርመራው በአብዛኛው 30 ቀን ይወስዳል። ቤት መርጣችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ይህን ከጀመራችሁ ጊዜ አይበቃችሁም።

የክሬዲት ካርድ ዕዳችሁን ከጣሪያው ከ30 በመቶ በታች አውርዱ። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል። ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከ ክሎዚንግ አዲስ ካርድ አትክፈቱ፣ መኪና በብድር አትግዙ፣ ለማንም ዋስ አትሁኑ። ለወንድም ወይም ለእህት መኪና አብሮ መፈረም እንደ ራሳችሁ ዕዳ ይቆጠራል። ቢያስቀይምም "ቤት እስክገዛ ታገሱኝ" በሉ።

የኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው ብድር) 580 የክሬዲት ነጥብና ከዚያ በላይ ላለው በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ከራስ የሚቀርብ ቅድሚያ ክፍያ) ይፈቅዳል። ከ500 እስከ 579 ያለው 10 በመቶ ማቅረብ አለበት። ይህ የመንግሥት ደንብ ነው። ብዙ አበዳሪዎች ከዚህ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚጠይቁ አንዱ እንቢ ቢል ሌላውን ሞክሩ።

## ደረጃ 3፦ የገቢ ወረቀት

ደመወዝተኞች የመጨረሻውን 30 ቀን የደመወዝ ወረቀት፣ የሁለት ዓመት ደብሊው ቱ (የአሠሪ ዓመታዊ የደመወዝ መግለጫ) እና የሁለት ዓመት ታክስ ይዛችሁ ጠብቁ። ሥራ መቀየር ካሰባችሁ አሁን ቀይሩ ወይም እስከ ክሎዚንግ ጠብቁ። በደመወዝ ከሚከፈል ሥራ ወጥቶ በ1099 (እንደ ኮንትራክተር፣ ታክስ ሳይቀነስ) ወደሚከፈል ሥራ መግባት ደግሞ ብድሩን ሙሉ በሙሉ ሊያፈርሰው ይችላል። የሚከፈላችሁ ቢጨምርም እንኳ።

ዩበር፣ ታክሲና ትራክ የምትነዱ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አበዳሪው በአብዛኛው የሁለት ዓመት የሥራ ታሪክ ይፈልጋል። የሚያየውም እጃችሁ የገባውን ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ነው። በዓመት 80 ሺህ ዶላር ገብቶላችሁ በማይልና በሌላ ወጪ ተቀንሶ ታክሱ ላይ 30 ሺህ ከቀረ፣ ብድሩ የሚሰላው በ30 ሺሁ ዙሪያ ነው። አንዳንድ ተቀናሾች ተመልሰው ይደመራሉ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱን አይሞሉትም።

መፍትሔው አንድ ነው። ታክስ ከመሠራቱ በፊት ታክስ ሠሪያችሁንና አንድ አበዳሪ አነጋግሩ። "በዚህ ገቢ ስንት ይፈቀድልኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ያላወጣችሁትን ወጪ አታስጽፉ። ኤፕሪል ላይ ታክሱ ከተላከ በኋላ ለዚያ ዓመት የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

ስማችሁን አንድ አድርጉ። መንጃ ፈቃድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ግሪን ካርድ፣ ባንክና ደመወዝ ወረቀት ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። አንዱ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉ። በመንግሥት ቢሮ በኩል የሚደረግ እርማት ሳምንታት ይፈጃል።

የመኖሪያ ፈቃድ። ከሜይ 25፣ 2025 ወዲህ የኤፍኤችኤ ብድር ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ተዘግቷል። የሥራ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ዓይነት ብድር የሚሰጥ አበዳሪ መፈለግ አለባችሁ። ይህን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ጠይቁ።

## ደረጃ 4፦ ፕሪአፕሩቫል ውሰዱ

ሁለት ወይም ሦስት አበዳሪዎችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠይቁ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ለሞርጌጅ ክሬዲታችሁ ቢታይ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ "ክሬዲቴ ይወድቃል" ብላችሁ በአንድ አበዳሪ ብቻ አትወሰኑ።

አበዳሪውን ይህን ጠይቁ፦ "ፋይሌን አንደርራይተር አይቶታል?" አንደርራይተር ማለት ብድሩ ይሰጥ ወይም አይሰጥ ብሎ የሚወስነው ሰው ነው። በስልክ አምስት ደቂቃ ጠይቆ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ ዋጋ የለውም። አንደርራይተር ያየው ፋይል ግን በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ ሊቆጥብላችሁ ይችላል።

ደብዳቤው በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 ቀን ያገለግላል። ካለፈበት አዲስ የደመወዝ ወረቀትና ስቴትመንት ሰጥታችሁ አሳድሱት።

የዳውን ፔይመንት እርዳታ የምትፈልጉ የሜሪላንድ ሞርጌጅ ፕሮግራምን፣ ቨርጂኒያ ሃውዚንግን ወይም የዲሲውን ኤችፓፕ ጠይቁ። እርዳታው ጊዜ እንደሚጨምር ግን እወቁ። ብዙዎቹ የቤት ገዢ ትምህርት ሰርተፊኬት ይፈልጋሉ፣ ፋይላችሁም ሁለት ቦታ ይታያል። ትምህርቱን ቤት ከማየታችሁ በፊት ጨርሱ።

ወለድ የማትፈልጉ ሙስሊም ገዢዎች ሬስተን፣ ቨርጂኒያ እንዳለው ጋይዳንስ ሬዚደንሻል ያሉ በጋራ ባለቤትነት የሚሠሩ ተቋማት አሉላችሁ። የወረቀቱ ዝግጅት ከዚህ በላይ ከተባለው ጋር ተመሳሳይ ነው።

## ደረጃ 5፦ ኤጀንትና ቤት ፍለጋ

ከኦገስት 17፣ 2024 ወዲህ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር የጽሑፍ ውል ይፈራረማል። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ፦ ክፍያው ስንት እንደሆነና ውሉ እስከ መቼ እንደሚያስራችሁ። ካላመናችሁበት ለአንድ ቤት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ፈርሙ። ዘመድ ወይም የቤተክርስቲያን ወዳጅ ቢሆንም አንብቡ። ጥሩ ኤጀንት አንብቡ ብሎ ራሱ ይነግራችኋል።

ቤት ስታዩ ጊዜ የሚያባክኑ ቤቶችን ለዩ፦

- ሻጩ ገዝቶት 90 ቀን ካልሞላ በኤፍኤችኤ በአብዛኛው ልትገዙት አትችሉም። ታድሶ በፍጥነት የሚሸጥ ቤት ላይ መጀመሪያ ሻጩ መቼ እንደገዛው ይጣራ።
- ኮንዶ ከሆነ ሕንጻው በኤፍኤችኤ የተፈቀደ መሆኑን አበዳሪው ያረጋግጥ። የኮንዶ ማኅበሩ የሚሞላው መጠይቅ ብቻውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።
- "እንዳለ ይሸጣል" የተባለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ወይም ማሞቂያው የማይሠራ ቤት በኤፍኤችኤ ሳይጠገን አያልፍም።

## ደረጃ 6፦ ኦፈር

ኦፈሩ ላይ ከዋጋው እኩል የክሎዚንግ ቀኑን አስቡበት። ሻጭ በፍጥነት የሚዘጋ ገዢ ይወዳል። ስለዚህ "በ21 ቀን እንዘጋለን" ማለት ያጓጓል። አበዳሪያችሁ እችላለሁ ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠ ይህን አትጻፉ። ቀኑ ካለፈ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ቀብዱ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ቀብዱን የሚያድኑላችሁ ኮንትራቱ ላይ ያሉት የመውጫ አንቀጾች ናቸው፦ የኢንስፔክሽን (የቤት ፍተሻ)፣ የቤት ዋጋ ግምትና የብድር። ፉክክር ሲበዛ "እነዚህን ተዋቸው" ትባላላችሁ። የኔ አስተያየት ግልጽ ነው። የብድሩን አንቀጽ ፋይላችሁን አንደርራይተር ሳያየው አትተዉ። የኢንስፔክሽኑን አንቀጽ ለመተው ከተገደዳችሁ ኦፈር ከመግባታችሁ በፊት ኢንስፔክተር ይዛችሁ ግቡ። ጥቂት መቶ ዶላር ያስወጣችኋል፤ የማያዛልቅ ቤት ከመግዛት ግን ያድናችኋል።

## ደረጃ 7፦ ከ30 እስከ 45ቱ ቀናት

### ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቀን

1. ቀብዱን ኮንትራቱ በሚለው ቀን ውስጥ አስገቡ።
2. ኮንትራቱን ለአበዳሪው ላኩና ማመልከቻውን ሙሉ። አበዳሪው ማመልከቻው ከደረሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የብድሩን ግምት የያዘ ሰነድ ሊልክላችሁ ይገባል።
3. ሰነዱን አይታችሁ ከተስማማችሁ "ቀጥሉ" በሉ። ይህን ቃል እስክትሰጡ ድረስ አበዳሪው ከክሬዲት ሪፖርት በቀር ምንም ማስከፈል አይችልም። ስለዚህ ገማች አይልክም። ብዙ ሰው ሰነዱ የመጣበትን ኢሜይል ሳይከፍት ቀናት ያልፋሉ።
4. የባለቤትነት ታሪክ የሚያጣራውን ታይትል ኩባንያ ምረጡ። ዋጋ አወዳድሩ።
5. ኢንስፔክተር ቅጠሩ። ነገ አትበሉ።
6. የወለዱን መጠን ስለ መቆለፍ (እስከ ክሎዚንግ እንዳይለወጥ ስለ ማድረግ) ጠይቁ። መቆለፊያው ከክሎዚንግ ቀን ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በላይ ይለፍ። ለማራዘም ያስከፍላል።

### የመጀመሪያው ሳምንት፦ ኢንስፔክሽን

እዚያው ተገኙ። ኢንስፔክተሩ የሚናገረውን በጆሯችሁ ስሙ፤ ሪፖርቱ ላይ ጥቃቅኑም ትልቁም አንድ ዓይነት መስሎ ይቀርባል። ትኩረታችሁ ጣሪያ፣ መሠረት፣ ውኃ የሚገባበት ምድር ቤት፣ የኤሌክትሪክ ሳጥንና ማሞቂያ ላይ ይሁን። በአሮጌ ቤት የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ አስፈትሹ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ሻጩ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ እናንተም ለማስመርመር 10 ቀን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ይህን መብት አትተዉ።

ከባድ ችግር ቢገኝ፦ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥገና ከመጠየቅ ዋጋ መቀነስ ወይም ለክሎዚንግ ወጪ ገንዘብ መጠየቅ ይሻላል። ሻጭ ሊወጣ ሲል የሚያሠራው ጥገና ርካሽና ጥድፊያ ያለበት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም።

### ኮንዶ ወይም ማኅበር ያለበት ቤት ከሆነ

የማኅበሩ ሰነዶች ሲደርሷችሁ ውሉን ያለ ቅጣት የምትሰርዙበት አጭር ጊዜ ይጀምራል። በሜሪላንድ ለኮንዶ 7 ቀን፣ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር 5 ቀን ነው። በቨርጂኒያ ኮንትራቱ እስከ 7 ካላራዘመው 3 ቀን ነው። በዲሲ ለኮንዶ 3 የሥራ ቀን ነው። ሰነዱ ረጅም ነው። ሁሉን ማንበብ ካቃታችሁ የመጠባበቂያ ገንዘቡን መጠን፣ ሊመጣ ያለ ልዩ ክፍያ መኖሩን፣ በክስ ላይ መሆኑንና ማከራየት መፈቀዱን ፈልጉ።

### ሁለተኛው ሳምንት፦ ግምት

አበዳሪው ገማች ይልካል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይመጣል።

ግምቱ ከዋጋው ቢያንስ፦ አበዳሪው የሚያበድረው በግምቱ ልክ ነው። አራት መንገድ አለ። ሻጩ ይቀንስ። ልዩነቱን ከኪሳችሁ ጨምሩ። ተካፈሉ። ወይም ኤጀንታችሁ በቅርብ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ይዞ ግምቱ እንደገና እንዲታይ ይጠይቅ። የግምት አንቀጽ ካላችሁ በቀኑ ውስጥ መውጣትም ትችላላችሁ። እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ቀናት ስለሚወስድ መልሱ እስኪመጣ የክሎዚንግ ቀኑ በጽሑፍ ይራዘም።

### ሦስተኛው ሳምንት፦ አንደርራይተሩ ይጠይቃል

"ይህን ገጽ ላኩ"፣ "ይህን ገንዘብ አስረዱ"፣ "ይህ አድራሻ የማን ነው?" የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። አትበሳጩ። ሁሉም ገዢ ይጠየቃል። በዚያው ቀን መልሱ፦

- የስቴትመንቱን ሁሉንም ገጾች ላኩ። ባዶውን የመጨረሻ ገጽም ቢሆን። "ከ5 ገጽ 4" ብቻ ከላካችሁ ፋይሉ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል።
- የስልክ ፎቶ ሳይሆን ከባንኩ የወረደውን ፋይል ላኩ።
- ደብዳቤ ስትጽፉ አጭር ይሁን። የተጠየቀውን ብቻ መልሱ።

በዚሁ ሳምንት የቤት ኢንሹራንስ ግዙ። ኢንሹራንስ የሌለው ብድር አይዘጋም።

ታይትል ኩባንያውም በዚህ ጊዜ ስማችሁን በፍርድ ቤት መዝገብ ይፈልጋል። የኛ ስሞች ተመሳሳይ ናቸው። የሌላ ሰው ዕዳ በስማችሁ ሊወጣ ይችላል። "ያ ሰው እኔ አይደለሁም" የሚል ቃለ መሐላ ትፈርማላችሁ፣ ያልቃል። ጥያቄው ቀድሞ እንዲመጣ ግን ታይትል ኩባንያው የሚልከውን ቅጽ በመጀመሪያው ሳምንት ሞልታችሁ መልሱ።

### እስከ ክሎዚንግ የማይደረጉ ነገሮች

አበዳሪው በመጨረሻዎቹ ቀናት መሥሪያ ቤታችሁን እንደገና ያጣራል፤ ክሬዲታችሁንም ሊያይ ይችላል። ስለዚህ፦

- ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን በብድር አትግዙ። "እስከ ዓመት ያለ ክፍያ" የሚለውንም ቢሆን።
- ሥራ አትልቀቁ፣ ሰዓት አታስቀንሱ።
- ጥሬ ገንዘብ አካውንት ውስጥ አታስገቡ። የእቁብ ዕጣ ቢደርሳችሁ ለሌላ ሰው አስተላልፉት።
- ከዳውን ፔይመንቱ ላይ ለለቅሶም ለሠርግም ብላችሁ አታንሱ።
- ኢትዮጵያ አትሂዱ። ግድ ከሆነ ለዚያው ቤት ብቻ የሚያገለግል ውክልና ይዘጋጅ፣ አበዳሪውና ታይትል ኩባንያው ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉት። ከሄዳችሁ በኋላ ማስተካከል እጅግ ያደክማል።

## ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ሳምንት

"ለመዝጋት ተፈቅዷል" ሲባል የመጨረሻው የወጪ ዝርዝር ይመጣል። ሕጉ ከመፈረማችሁ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት በእጃችሁ እንዲገባ ያዛል። ሰኞ ከደረሳችሁ ሐሙስ መፈረም ትችላላችሁ። በኢሜይል እንደመጣ ከፍታችሁ መቀበላችሁን አረጋግጡ። ለዚህ ቆጠራ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም።

ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ግምት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስማችሁን፣ ወለዱን፣ ወርሃዊውን ክፍያና የምታቀርቡትን ገንዘብ አመሳክሩ። የስም ፊደል ስህተት ዛሬ ይታረም። አመታዊው የብድር ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተለወጠ ወይም የብድሩ ዓይነት ከተቀየረ 3ቱ ቀን እንደገና ይቆጠራል።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ የዋየር (በባንክ የሚላክ ገንዘብ) ማጭበርበር። ሌቦች የኤጀንትን ወይም የታይትል ኩባንያን ኢሜይል ሰብረው "የባንክ ቁጥር ተቀይሯል" የሚል መልእክት ይልካሉ። የዕድሜ ልክ ቁጠባ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፤ ብዙውን ጊዜም አይመለስም። ከመላካችሁ በፊት ታይትል ኩባንያውን መጀመሪያ በያዛችሁት ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብቡ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ስህተት ከላካችሁ በደቂቃው ለባንካችሁ ደውሉ፣ ለኤፍቢአይም አመልክቱ።

ዋየሩን ከክሎዚንጉ አንድ ቀን ቀድማችሁ ላኩ። አርብ ከሰዓትና የወር መጨረሻን ሽሹ። ገንዘቡ አርብ ካልደረሰ ጉዳዩ ለሰኞ ያድራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምረጡ።

ለአከራያችሁ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ብድሩ ለመዝጋት ሳይፈቀድ አትስጡ። ውሉ የ60 ቀን ማስታወቂያ የሚጠይቅ ከሆነ የአንድ ወር ድርብ ክፍያ ከአሁኑ በወጪያችሁ ያዙ። ዕቃ ጭኖ መንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላል።

## ደረጃ 9፦ የፊርማው ቀን

ከፊርማው በፊት ባለው ቀን ወይም ጠዋት ቤቱን ዞራችሁ እዩ። ውኃ ክፈቱ፣ ማሞቂያ አብሩ፣ የተስማማችሁበት ጥገና መሠራቱን ተመልከቱ። ሻጩ ያልወሰደው ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ።

ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ ያዙ። ፊርማው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ያልገባችሁን ወረቀት አስቁማችሁ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ እንደምታመጡ ቀድማችሁ አሳውቁ። የገዢው የታይትል ኢንሹራንስ (በባለቤትነት ላይ ክርክር ቢነሳ የሚጠብቃችሁ) ግዴታ ባይሆንም ግዙት። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ቤቱ የእናንተ እስከሆነ ድረስ ያገለግላል።

ቀኑ ቢያልፍስ? አትደናገጡ፣ ግን ዝም አትበሉ። ማራዘሚያው በሁለቱም ወገን በጽሑፍ ይፈረም። አበዳሪው በራሱ ጥፋት ካዘገየ የወለድ መቆለፊያውን ማራዘሚያ ራሱ እንዲከፍል ጠይቁ። ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

## ደረጃ 10፦ ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ክፍያ የሚጀምረው ከክሎዚንግ ቀጥሎ ያለውን ወር ዘልሎ ነው። ጁን 20 ከዘጋችሁ ኦገስት 1 ትከፍላላችሁ።

ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ሜሪላንድና ዲሲ የንብረት ታክስ ቅናሽ አላቸው። ማመልከቻውን ራሳችሁ ሙሉ። በነጻ ነው።

በፖስታ "የቤትዎን የባለቤትነት ሰነድ ቅጂ ለማግኘት ይክፈሉ" የሚል መንግሥታዊ የሚመስል ደብዳቤ ይመጣል። አትክፈሉ። ሰነዱ ተመዝግቦ ከታይትል ኩባንያው ይላክላችኋል።

ብድሩ በወራት ውስጥ ለሌላ ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል። የቀድሞውም አዲሱም ድርጅት ደብዳቤ ሊልኩላችሁ ይገባል። ከአዲሱ ብቻ ከመጣ ለቀድሞው ደውላችሁ አጣሩ። ከተላለፈ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ክፍያችሁን በጊዜው ለቀድሞው ብትልኩ እንደዘገየ ሊቆጠርባችሁ አይችልም።